«ተግዳሮት» ማንን ነው የሚከሰው?

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ የምጣላው ከሰው ጋር አይደለም፤ ከአንድ ቃል ጋር ነው። በእንግሊዝኛው «ቻሌንጅ»፣ የቢሮ ልብሱን ሲለብስ ደግሞ በአማርኛ «ተግዳሮት» ከሚባለው ጋር። ጽሑፉ ረዘም ይላል። ቡና የያዛችሁ ቡናችሁን እየጠጣችሁ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ያላችሁም ተራችሁን እየጠበቃችሁ አንብቡት።

ይህ ቃል ያልደረሰበት ቤት የለም። ውሃ ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሲሞላው «የአቅርቦት ተግዳሮት» ይባላል። መንገድ ተቆፍሮ ክረምት ሲገባበት «የአፈጻጸም ተግዳሮት»። ደመወዝ ሲዘገይ «የበጀት ተግዳሮት»። ቁርስ ያልበላ ልጅ ክፍል ውስጥ ራሱን ስቶ ሲወድቅ እንኳ «ከምገባ ጋር የተያያዘ ተግዳሮት» ይሆናል። በፕሮጀክት ሪፖርት ላይማ ራሱን የቻለ ሰንጠረዥ አለው፤ «ያጋጠሙ ተግዳሮቶችና የተወሰዱ መፍትሔዎች» የሚል። ወጣቶቹ ደግሞ ትርጉሙንም አይፈልጉትም፤ «ላይፍ ቻሌንጅ አለው እኮ» ብለው ያልፉታል።

ክርክሬ አጭር ነው። ይህ ቃል በተወለደበት አገር ሥራው ሰውን በስም ጠርቶ መክሰስ ነበር። ዛሬ የተቀጠረው ግን ማንም እንዳይከሰስ ነው። ከሳሽ ሆኖ ጀምሮ መደበቂያ ሆነ። እኛ ደግሞ የተዋስነው ከሳሽ የነበረውን ሳይሆን መደበቂያ የሆነውን ነው። ይህንን በማስረጃ ላሳያችሁ።

ከሥሩ እንጀምር። የ«ቻሌንጅ» ቅድመ አያት «ካሉምኒያ» የሚባል የላቲን ቃል ነው። ትርጉሙ የሐሰት ክስ፣ ሰውን እያወቁ በፈጠራ መወንጀል ማለት ነው። ሮማውያን ይህን ቀላል ነገር አድርገው አላዩትም። ሌክስ ሬሚያ የሚባል ሕግ ነበራቸው፤ ሰውን በሐሰት የከሰሰ ራሱ እንዲቀጣ የሚያዝ። እንዲህ ያለው ከሳሽ የቃሉ የመጀመሪያ ፊደል ግንባሩ ላይ ይታተምበት ነበር ይባላል። ሲሴሮም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ80 ዓመት ለሮስኪዩስ ጥብቅና ሲቆም ያቺን ፊደል እያነሣ ከሳሾቹን ያስፈራራል።

ቃሉ ከሮም ወደ ፈረንሳይ ሲሻገር ድምፁ ተቀየረ። በፈረንሳይኛ የላቲኑ «ካ» ብዙ ጊዜ ይለሰልሳል፤ «ካንታሬ» የነበረው መዘመር «ሻንቴ» የሆነው በዚሁ መንገድ ነው። የ«ምኒያ» ቅጥልም እንዲሁ ተለወጠ፤ «ሶምኒየም» የነበረው ሕልም «ሶንዥ» ሆኗል። በዚህ አካሄድ «ካሉምኒያ» በጥንታዊው ፈረንሳይኛ «ቻሌንጅ» ወደሚመስል ድምፅ መጣ። ትርጉሙም ሰፋ፤ የሐሰት ክስ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ማንኛውም ክስ፣ ሙግት፣ «ይህ የእኔ ነው» ብሎ መከራከርም ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ሲይዙ ፈረንሳይኛ የገዥዎች፣ በኋላም የፍርድ ቤት ቋንቋ ሆኖ ገባ። በፍርድ ቤት ክርክር በእንግሊዝኛ ይሁን የሚል ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1362 ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ብዙ የክርክር ቃላት ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ፈሰዋል፤ የእኛም ቃል አንዱ ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ ሲገባ ግን «አስቸጋሪ ሁኔታ» ማለት አልነበረም። ክስ ነበር። «ቻሌንጅ አለብህ» ቢሉህ ሰው ከሶሃል ማለት ነው፤ ተነሥተህ መልስ መስጠት ይጠበቅብሃል።

የዚህ ዱካ ዛሬም አልጠፋም። በእንግሊዝና በአሜሪካ ፍርድ ቤት ጁሪ እንዲሆን የተጠራን ሰው ጠበቃው «ይህ ሰው ይነሣልኝ» ብሎ ሲቃወም ያ ተቃውሞ ቻሌንጅ ይባላል። ዘብ በጨለማ የሚመጣን ሰው አስቁሞ ማንነቱን ሲጠይቅ ጥያቄው ቻሌንጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የኪንግ ጀምስ መጽሐፍ ቅዱስ ዘጸአት 22፥9 ላይ ስለ ጠፋ ንብረት ሲናገር፣ አንድ ሰው «የእኔ ነው» ማለቱን የሚገልጸው በዚሁ ቃል ነው። እንግሊዝኛ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ ቤታችሁ ካለ ገልጣችሁ እዩት።

እነዚህን ሁሉ አጠቃቀሞች አንድ ነገር ያስተሳስራቸዋል፦ ሁለት ሰው። ጠያቂ አለ፣ ተጠያቂ አለ። ብቻውን የቆመ ቻሌንጅ የለም።

ከክስ ወደ ፍልሚያ የተሻገረውም በዚሁ ምክንያት ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ አንዳንድ ክርክር በምስክር ሳይሆን በጉልበት ነበር የሚለየው፤ ተከሳሹ የብረት ጓንቱን ወርውሮ «ና ግጠመኝ» ይላል። ይህ ሕግ በእንግሊዝ ሳይሻር ምን ያህል ዘመን እንደቆየ ብታዩ ትገረማላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1817 ሜሪ አሽፎርድ የምትባል ወጣት ሞታ ተገኘች። አብርሃም ቶርንተን የሚባል ሰው በግድያዋ ተከሶ በነፃ ተለቀቀ። ወንድሟ ዊልያም አሽፎርድ አልተዋጠለትም፤ ለሟች ዘመድ የተፈቀደ አንድ አሮጌ የክስ መንገድ አግኝቶ እንደገና ከሰሰው። ቶርንተን ደግሞ የባሰ አሮጌ መልስ አመጣ። ችሎት መካከል ጓንት ወርውሮ በውጊያ እንዲለይለት ጠየቀ። ዳኞቹ ሕጉን ቢያገላብጡ አልተሻረም፤ በ1818 ጥያቄው ሕጋዊ ነው አሉ። አሽፎርድ አልገጥምም አለ፤ ቶርንተን ነፃ ሄደ። ፓርላማው አፍሮ በ1819 ያንን ሕግ ሻረው።

ይህን የምተርከው ያ ዘመን ናፍቆኝ አይደለም። ጡንቻ ያለው የሚረታበት ሸንጎ ፍትሕ አይደለም፤ የሜሪ አሽፎርድ ቤተሰብ ከዚያ ጓንት ምን እንዳተረፈ አይታችኋል። ነገር ግን በዚያ ክፉ ልማድ ውስጥ እንኳ አንድ ነገር ግልጽ ነበር፤ ጓንቱን ማን እንደወረወረ፣ ማን ላይ እንደተወረወረ። አሽፎርድም እምቢ ማለት ችሏል። ሦስቱን ነገር ያዙልኝ፦ የሚጠራ፣ የሚጠራበት ሰው፣ እምቢ የማለት መብት። በኋላ እንመለስባቸዋለን።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው ከቃሉ ውስጥ ወዴት ሄደ? በአንድ ቀን አልወጣም። መጀመሪያ «ና ግጠመኝ» የሚለው ጥሪ ወደ ስፖርት ሜዳ ገባ። ቀጥሎ የሚጠራው ሰው መሆኑ ቀረና ሥራው ራሱ ጠሪ ሆነ፤ ተራራው ወጪውን «ይጠራዋል»፣ ሒሳቡ ተማሪውን «ይፈትነዋል»። በ20ኛው ክፍለ ዘመን «ከባድ ግን የሚያነቃቃ ሥራ» የሚለው ትርጉም ጎላ። ከዚያ የሥራ አመራር ቋንቋ አገኘውና የመጨረሻውን እርምጃ አስኬደው፤ የሚያነቃቃ ባይሆንም፣ ማንም ባይጠራበትም፣ ደስ የማይል ነገር ሁሉ ቻሌንጅ ሆነ።

ሌሎቹን የእንግሊዝኛ የችግር ቃላት ብታዩ እንደዚህ ዓይነት ታሪክ የላቸውም። «ፕሮብሌም» ከግሪክ የመጣ ነው፤ ወደፊት የተወረወረ፣ ፊትህ የተጣለ ነገር ማለት ነው። «ትራብል» ከላቲን ሲሆን ሥሩ ከመደፍረስ ጋር የተያያዘ ነው፤ እንደ ደፈረሰ ውሃ። «ዲፊከልቲ» ለመሥራት የማይቀል ማለት ነው። ሦስቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት፤ መንገድ ላይ ድንጋይ አለ፣ ውሃው ደፍርሷል፣ ሥራው ከባድ ነው። ማንንም አይከሱም፤ እንከሳለን ብለውም አያውቁም። ከመካከላቸው ጣቱን የሚቀስር ቃል «ቻሌንጅ» ብቻ ነበር። ጣቱ የተቆረጠውም የእሱ ነው።

የመደበቂያነቱን ሥራ በደንብ የሚያሳየው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋው አነጋገር ነው። አካል ጉዳተኛን «ፊዚካሊ ቻሌንጅድ» ማለት ጀመሩ። ለክብር ታስቦ ነው፣ አልክድም። ብዙ አካል ጉዳተኞች ግን አልወደዱትም። ለምን? ዊልቸር ላይ ያለ ሰው ደረጃ ብቻ ያለው ሕንፃ ሥር ሲደርስ ያቆመው ምንድን ነው? እግሩ ነው ወይስ ሕንፃውን የሠራው ሰው? «ቻሌንጁ» የእሱ የግል ፈተና ከሆነ እሱ ነው ጠንክሮ ማለፍ ያለበት፤ ሠሪው ቤቱ ገብቶ ይተኛል። የእኛ አገር ሕግ በዚህ ላይ ከዚያ አነጋገር ይሻላል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች አመቺ ሆኖ እንዲሠራ ግዴታ ይጥላል። ግዴታ ሲባል ባለዕዳ አለው። «አዋጁን ሠሪው ጥሷል» ማለትና «የተደራሽነት ተግዳሮት አለ» ማለት በምን እንደሚለያዩ ለማወቅ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሠሪውን ፈልጉት። አታገኙትም።

አሁን ወደ አማርኛችን እንምጣ። «ተግዳሮት» ራሱ መጥፎ ቃል አይደለም፤ እንዲያውም ሲወለድ ጨዋ ነው። ግሡ «ተገዳደረ» ነው፤ ተፎካከረ፣ ደፍሮ ገጠመ፣ ተጋፈጠ። እስቲ አስቡት፣ ሰው ብቻውን ይገዳደራል? አይገዳደርም። «ተገዳዳሪ» ስንል ሰው ማለታችን ነው። ለሻምፒዮኑ ተገዳዳሪ መጣበት እንላለን። እንግሊዝኛው «ቻሌንጀር» እንደሚለው ማለት ነው። ስለዚህ «ቻሌንጅ»ን «ተግዳሮት» ብሎ የተረጎመው ሰው ቋንቋ ያውቃል፤ ሁለት ሰው ያለበትን ቃል ሁለት ሰው ባለበት ቃል ነው የተካው። ያበላሸነው እኛ ነን። «ተግዳሮት ገጥሞናል» እንላለን፣ ተገዳዳሪው ግን የለም። ማን ነው የተገዳደረን? መጽሐፉ? ቧንቧው? ትራንስፎርመሩ?

እኔ ብዙ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝና ከማውቀው ቤት ልጥቀስ። ባስተማርኩበት በአንድ ትምህርት ቤት አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ለአምስት ተማሪ ነበር የምናድለው። ልጆቹ በተራ ወደ ቤት ይወስዱታል። ተራው ዓርብ የሆነ ልጅ ዕድለኛ ነው፤ ቅዳሜና እሑድንም ያገኛል። በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ይጻፋል፤ በየሪፖርቱ «የመማሪያ መጻሕፍት እጥረት ተግዳሮት» የሚል መስመር አለ። መፍትሔ በሚለው ዓምድ ሥር ደግሞ «ተማሪዎች በጋራ እንዲጠቀሙ ተደርጓል» ይላል። ልብ በሉ፦ ልጆቹ ላይ የደረሰው ጉዳት ራሱ መፍትሔ ተብሎ ተመዘገበ! ይህን ያደረገው ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰንጠረዡ ነው። ዓምዱ «ያልተፈጸመ ግዴታ» እና «ኃላፊው» ቢል ኖሮ እዚያ ላይ ማን ይጻፍ ነበር?

አንድ ጉዳይ በሦስት መንገድ ልጻፍላችሁ።

አንደኛ፦ «ከመጻሕፍት አቅርቦት ጋር በተያያዘ ተግዳሮት ተስተውሏል።»

ሁለተኛ፦ «መጽሐፍ የለም።»

ሦስተኛ፦ «ለዘጠነኛ ክፍል 600 መጽሐፍ ታዝዞ የመጣው 120 ነው። 480ው የት ቀረ? የሚያመጣው ማን ነው? መቼ?»

የመጀመሪያውን ለማንበብ ማንም አይደነግጥም። ሁለተኛው ያስደነግጣል። ሦስተኛው መልስ ያስፈልገዋል። በጥንታዊው ትርጉም ቻሌንጅ የሚባለው ሦስተኛው ብቻ ነው።

ይህ የሰዋስው መምህር ቅንጦት የመሰለው ካለ ቁጥሩን ይይ። ትምህርት ሚኒስቴር ባስታወቀው መሠረት በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ከመቶ ልጅ ዘጠና አምስት፣ ዘጠና ሰባት ወደቀ ማለት ነው። ቁጥሩ አልደበቀንም፤ ይህ በጎ ነገር ነው። ቁጥሩ ከወጣ በኋላ በየስብሰባው የሰማሁት ንግግር ግን «የዘርፉ ተግዳሮቶች ዘርፈ ብዙ ናቸው» የሚል ነው። ዘርፈ ብዙ! አንድን ጥፋት ለሁሉም ብታካፍሉት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ምንም ነው። ልጆቹ ላይ ግን ሲደርስ አልተካፈለም፤ እያንዳንዱ ሙሉውን ነው የወደቀው።

የአማርኛ ደግነቱ ደግሞ ይህን ሁሉ የሚያርም ሰዋስው በጁ መኖሩ ነው። «ቸገረኝ» የሚለውን እዩት። አንድ ቃል ነው፣ የተቸገረው ሰው ግን ውስጡ ተቀምጧል። «ኝ» ማለት እኔ ነኝ። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ ጨነቀኝ፣ አመመኝ። ቸገራት፣ ራባቸው፣ ጨነቀን። በአማርኛ ችግርን ስትናገር ማንን እንዳገኘው ሳትናገር ማለፍ ይከብዳል። «ተግዳሮተኝ» የሚል ሰው ግን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ጉሊት የምትቸረችር እናት «ቸገረኝ» ትላለች እንጂ «የገቢ ተግዳሮት አለብኝ» አትልም። ይህን ሐረግ የሚናገርላት ሌላ ሰው ነው፤ ያ ሰው ሲናገርላት እሷ ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ትወጣለች። ስለዚህ ሁለት ሰው ነው የጠፋው፤ ያደረሰውም የደረሰበትም። የቀረው ቃሉ ብቻ ነው፤ ባለቤት እንደሌለው ቤት።

እሺ፣ ተቃውሞዎቹን ልስማ። ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው የምሁራን ነው፦ «ቃል ትርጉሙን ይቀይራል፤ የዛሬን አጠቃቀም በጥንት ሥር መዳኘት ስሕተት ነው።» እውነት ነው፤ እኔም ክፍል ውስጥ ያስተማርኩት ይህንኑ ነው። «ናይስ» የሚለው ደግ ቃል ከላቲን ሲነሣ «የማያውቅ፣ መሃይም» ማለት ነበር፤ ዛሬ «ናይስ ነህ» ያላችሁን ሰው አትጣሉትም። እኔም «ካሉምኒያ» ወደሚለው ትርጉም እንመለስ አላልኩም። የምለው ሌላ ነው፤ ቃል ሲለወጥ አንዳንዴ የሚጠቅም ነገር ይጥላል፣ የጣለውን ማንሣት ደግሞ የእኛ ፋንታ ነው። ታሪኩ የሚያስፈልገኝ ምን እንደጠፋ ለማወቅ እንጂ ማንንም ለማሰር አይደለም።

ሁለተኛው የአነቃቂ ተናጋሪዎች ነው፦ «ችግር አትበሉ፣ አሉታዊ ነው። ቻሌንጅ በሉት፣ ዕድል በውስጡ አለ።» ከዚህ ጋር አብሮ የሚመጣ ተረትም አለ፤ በቻይንኛ ቀውስ የሚለው ቃል «አደጋ»ና «ዕድል» ከሚሉ ሁለት ፊደሎች ተሠርቷል የሚል። ጆን ኤፍ ኬኔዲ ሳይቀር በንግግሩ ተጠቅሞበታል። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲው የቻይንኛ ሊቅ ቪክቶር ሜር ግን ይህ ስሕተት መሆኑን በዝርዝር ጽፏል፤ ሁለተኛው ፊደል እዚያ ቃል ውስጥ «ዕድል» ማለት አይደለም። የአደጋ ጊዜ ለቻይናም አደጋ ነው።

እንዲያም ሆኖ ቻሌንጅ የሚለው ቃል ክቡር የሚሆንበት ቦታ መኖሩን አልክድም። መለያው ቅድም ያዙልኝ ካልኳችሁ ሦስት ነገሮች የመጨረሻው ነው፤ እምቢ ማለት ይቻላል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2014 ክረምት ዓለምን ያዳረሰውን የበረዶ ውሃ ቻሌንጅ አስታውሱ። አንዱ ውሃውን ራሱ ላይ ይደፋና የሌላውን ስም ጠርቶ በ24 ሰዓት ውስጥ ወይ ድፋ ወይ ለኤ.ኤል.ኤስ. ሕሙማን ገንዘብ ስጥ ይለዋል። የአሜሪካው የኤ.ኤል.ኤስ. ማኅበር በዚያ ክረምት ብቻ 115 ሚሊዮን ዶላር አገኘ። እንደ ቀልድ የተያዘው ጨዋታ የቃሉን ጥንታዊ መልክ ከስንቱ የቢሮ ሪፖርት በተሻለ ጠብቆታል፦ ጠሪ አለ፣ ስሙ የተጠራ ሰው አለ፣ አማራጭ አለ። ማራቶን መሮጥ ቻሌንጅ ነው። በጡረታ ዕድሜ ቋንቋ መማር ቻሌንጅ ነው። ረሃብን ግን ማን እምቢ ይለዋል? ሐኪም የሌለበት ወረዳ ውስጥ ምጥ የያዛት ሴት «ይህን ቻሌንጅ አልቀበልም» ትበል? እምቢ ማለት የማይቻልበትን መከራ ቻሌንጅ ማለት ያላስመዘገቡትን ሰው ውድድር ውስጥ ከትቶ «በርታ» እንደማለት ነው። ሲወድቅም «አልጠነከረም» ይባላል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል፤ ከቀድሞ ተማሪዬ ነው የመጣው። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም። እንዲህ አለኝ፦ «ቲቸር፣ እርስዎ ጡረታ ወጥተዋል። እኔ ግን ሪፖርቱ ላይ ‹ችግር› ብዬ ከጻፍኩ አለቃዬ ‹ችግሩ አንተ ነህ› ይለኛል። ‹ተግዳሮት› ስል እንጀራዬ አይነካም።» ይህን ልጅ ፈሪ ብዬ አልሰድበውም። ሁለት ልጆች ያሳድጋል። ነገር ግን የእሱ መልስ ከእኔ ክርክር በላይ ቃሉን አጋልጦታል፤ «ተግዳሮት» የሚጻፈው ትክክለኛ ቃል ስለሆነ ሳይሆን ጥላ ስለሆነ ነው። ለእሱ ያልኩትን ለእናንተም ልበል። ስም መጥራት ካልቻልክ ቁጥር ጻፍ። ቁጥር ካልቻልክ ቀን ጻፍ። «ከጥር 5 ጀምሮ ውሃ የለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ማንንም አይሰድብም፤ የሚያነበው ሰው ግን ከጥር 5 ጀምሮ ማን ምን ሲሠራ እንደነበር መጠየቁ አይቀርም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለግለሰብ ብቻ አይደለም፤ ለመሥሪያ ቤትም ነው።

አለቆች የሆናችሁ ተማሪዎቼ ደግሞ አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ። ለእናንተ ያለኝ ቃል ይለያል። የበታቾቻችሁ ሪፖርት በተግዳሮት ከተሞላ ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም፤ እውነት የጻፈ ቀን ምን እንደደረሰበት ስላዩ ነው። ሰንጠረዡን የምታዘጋጁት እናንተ ናችሁ። ዓምዱን ቀይሩት።

ደግሞ በዚሁ በእኛ ሰፈር፣ በሶሻል ሚዲያው፣ ተቃራኒው በሽታ አለ። እዚህ ሰው ለመክሰስ ማንም አይፈራም። ማስረጃ የለ፣ ቀን የለ፣ የሰው ፎቶ ለጥፎ «ሌባ» ብሎ መጻፍ ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሺህ ሰው ይቀባበለዋል። ይሄ ቻሌንጅ አይደለም፤ ያው የጥንቱ ካሉምኒያ ነው። ሮማውያን ፊደሏን ያዘጋጁት ለእንዲህ ዓይነቱ ነበር። ቢሮው ውስጥ ክስ አጥተን ፌስቡክ ላይ የሐሰት ክስ በዛብን፤ ሁለቱ ይተያያሉ ባይ ነኝ። በወግ የሚጠየቅበት ቦታ ሲጠፋ ሰው ያለ ወግ መጮህ ይጀምራል።

ወግ ደግሞ ነበረን። በድሮው ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ «በላ ልበልሃ» ይባባላሉ። «ተጠየቅ!» ይላል አንዱ። «ልጠየቅ» ይላል ሌላው። መንገደኛው ሳይቀር ተለምኖ ዛፍ ጥላ ሥር ዳኛ ሆኖ ይቀመጣል። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባለው ለዚህ ነው፤ በቃል ድክመት ሰው ይረታ ስለነበር እያንዳንዱ ቃል ይመዘናል። ዛሬ በየመድረኩ የምንለው «ተጠያቂነት» ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ከዚሁ ከ«ጠየቀ» ነው። ተጠያቂ ማለት «ተጠየቅ» ሲባል «ልጠየቅ» ብሎ የሚቆም ሰው ነው። የመካከለኛው ዘመን እንግሊዛዊ በ«ቻሌንጅ» ሊል የፈለገውን የእኛ ገበሬ በ«ተጠየቅ» ይለው ነበር። ትክክለኛው ትርጉም ሁልጊዜም ቤታችን ነበረ ማለት ነው።

እንግዲህ አስተማሪ አስተማሪ ነውና የቤት ሥራ ሳልሰጥ አልለያችሁም። በዚህ ሳምንት «ተግዳሮት» ወይም «ቻሌንጅ» የሚል ቃል ያለበት አንድ ዓረፍተ ነገር ያዙ፤ ከሪፖርት ይሁን፣ ከዜና ይሁን፣ ከራሳችሁ አፍ ይሁን። ሦስት ጥያቄ ጠይቁት። ማንን ነው የቸገረው? ማን ነው መሥራት ሲገባው ያልሠራው? እምቢ ማለት ይቻል ነበር? ሦስቱንም ከመለሰ ቃሉን ተዉት፤ ቦታው ነው። ካልመለሰ አውጡትና ዓረፍተ ነገሩን እንደገና ጻፉት። የጻፋችሁትን ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፤ የሰውም የመሥሪያ ቤትም ስም ሳትጠሩ። አርማለሁ። ቀይ እስክሪብቶዬ አልደረቀም።